ባሕር ለሚያዳምጠው ባየህ ፎገራ ላይ ሚስት ስንጠይቅ

በሠላሳ አምስት ዓመቴ ሽማግሌ ሆኜ የተላክኩት ፀጉሬ ስላለቀ ነው። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው፣ የድሬዳዋ ወዳጆቼ «አንተ ደግሞ ለማን ሚስት ልትጠይቅ?» ብላችሁ ሳትስቁብኝ ልቅደም ብዬ ነው። ወረታንና የፎገራን ሜዳ አብዛኞቻችሁ አታውቋቸውም። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ የማውቀው የፎገራ ላም የሚባል ነገር መኖሩን ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ባሕር ላይ ረዳት ወጥ ቤት ነኝ። መርከባችን ዕቃ አትጭንም፣ ዓሣም አታጠምድም። ከኋላዋ ብዙ ገመዶች ትጎትታለች፤ አንዱ ገመድ ብቻውን ድሬ ላይ ከከዚራ ተነሥቶ ሳቢያንን አልፎ የሚሄድ ርዝመት አለው፤ ሆዱ ውስጥም ድምፅ የሚቀበሉ ጆሮዎች ተደርድረዋል። ከገመዶቹ ፊት ያሉት የብረት ቱቦዎች ታምቆ የቆየ አየር በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ይለቃሉ። ድምፁ የባሕሩን ወለል ሰርስሮ ይወርድና ከየዐለቱ ንጣፍ እየነጠረ ሲመለስ ጆሮዎቹ ይሰሙታል። ከዚያ የተሰማው ሁሉ ተጠራቅሞ የምድሩ ሆድ ሥዕል ይወጣል፤ ነዳጅና ጋዝ የሚፈልጉ ኩባንያዎችም ሥዕሉን ይወስዳሉ። የእኛ ኩባንያ ጉድጓድ አይቆፍርም። ራጅ የሚያነሣው ሌላ፣ ሆድ የሚቀደው ሐኪም ሌላ እንደሆነው ማለት ነው። ይህንንም ያወቅኩት ሳህን ሳቀርብ ከሚበሉት ሰዎች ወሬ ነውና ስሕተት ብታገኙበት በሽንኩርት ከታፊነቴ ማሩኝ።

ባየህ መርከቧ ላይ አንድ ክፍል አብሮኝ የሚያድር ጓደኛዬ ነው። የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ሥራው ጆሮዎቹ ሁሉ በደንብ መስማታቸውን ማሽን ፊት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ሲማር የወደዳት ማስተዋል የምትባል ልጅ አለች፤ አሁን ወረታ አጠገብ የሩዝ ማሳ የምትከታተል የግብርና ባለሙያ ናት። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። አንድ የወረታ ነጋዴም ለልጁ ሽማግሌ ልኮባት ነበርና፣ መሪጌታ ጾሙ ሳይገባ ለአንዱ ወገን ቁርጡን እንደሚናገሩ አስታወቁ። ለባየህ ወገን የላኩት ቃል አጭር ነበር፦ «ሥራው ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ይምጣ። ካልገባኝ አልሰጥም።» ማስተዋል ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባ ቁርጡን ነግራዋለች።

ባየህ ተራው ባሕር ላይ ነበር፣ እኔ ዕረፍት ላይ። «አጎቴ ይናገራል እንጂ ሥራዬን አያውቀውም። ሂድልኝ» አለኝ በስልክ። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበረው። እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቄ፣ ከድሬ በአዲስ አበባ አድርጌ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ደረስኩ። ከዚያ ሐሙሲት በሚኒባስ ነው። ረዳቱ ቦታ ጠፋ ብሎ የአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ኬሻ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ከባሕር ሽንኩርት ሸሽቼ መጥቼ ሽንኩርት አቅፌ ገባሁ። ሴትዮዋ ስንወርድ አዝነውልኝ አምስት ራስ ሽንኩርት መርቀው ሰጡኝ፤ እምቢ ማለትም አልቻልኩም።

ሐሙሲት ላይ የባየህ አጎት አያ ደሳለኝ ቆመው ይጠብቁኛል። የበሬ ነጋዴ ናቸው፣ ድምፃቸው ገበያ የለመደ ነው። ጨበጡኝና ከኋላዬ ማየት ጀመሩ።

«ሽማግሌው የታል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ኮፍያዬን በገዛ እጃቸው አነሡና አናቴን መረመሩ። «ይሁን» አሉ። «ኮፍያውን ግን እስክትመለስ አታድርገው።»

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ሙቅ ውኃ አምጥተው እግሬን ካላጠብኩ አሉ። ድሬ ላይ እንግዳ ሲመጣ ቀዝቃዛ ውኃ እንሰጠዋለን፤ ይጠጣዋል፣ አለቀ። እኔ እግሬን ስሰበስብ እሳቸው ሲጎትቱ ጣሳው ተደፋ። «ተው አንተ ልጅ፣ እግሩን ያላጠብነው እንግዳ ሲወጣ ጎረቤት ምን ይለናል?» አሉኝና በሌላ ውኃ አጠቡኝ። እራት ላይ የቀረበው እንጀራ ነጭ ነው፤ ጤፍ ከሩዝ ተቀላቅሎ። እኛ ሩዝ የምናውቀው በሥጋና በቅመም ነው፤ እዚህ እንጀራም ጠላም ይሆናል። ከእንጀራው በኋላ የመጣው ወተት ግን የግመል ወተት ወዳድ ነኝ የምለውን ሰውዬ ዝም አሰኘኝ።

ከእራት በኋላ ሥራውን ለአያ ደሳለኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ገመዱን አልፌ ጆሮዎቹ ላይ ሳልደርስ አቋረጡኝ። «ባሕሩን ይመታል፣ ያዳምጣል። ገባኝ፣ ተወው። ይልቅ አንተ አፍህን ጠብቅ። ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምትሉት አሉ። መሪጌታን አንተ ብትላቸው እኔም አላውቅህ።»

እውነት ነው። እኛ አያታችንንም አንተ ብለን ነው ያደግን፣ በፍቅር። ተኝቼ ሁሉ «እርስዎ፣ ይበሉ፣ ይቀመጡ» ስል አደርኩ።

ሁለተኛው ቀን

በማለዳ ሦስተኛው ሽማግሌያችን ቄስ ሞላ መጡ፤ የባየህ የንስሐ አባት ናቸው፣ ቀጭንና ዝምተኛ። የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ሜዳው ላይ ወጣን። የድሬው ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ሌሊት ይመጣል። የፎገራ ወንዞች ግን ክረምቱን ሜዳው ላይ ተኝተው ከርመው ገና አሁን መነሣታቸው ነው። እስከ ዓይን ጥግ የታጨደ ሩዝ ነው። ጠፍጣፋነቱ ባሕር አስታወሰኝና ልቤ ትንሽ ደነገጠ፣ ዕረፍት ላይ ነኝና።

ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄደን ከባጃጅ ወረድንና በማሳዎቹ መካከል ባለች የጭቃ ድንበር ላይ በእግር ጀመርን። ቄስ ሞላ ጃንጥላቸውን ይዘው እንደ ድመት አለፉ። እኔ ማዕበል ላይ በሾርባ ድስት የምራመድ ሰው እዚያ ላይ አዳለጠኝና እስከ ወገቤ ገባሁ። አንዲት አጫጅ ማጭዷን ጥላ መጥታ ጎትታ አወጣችኝ፤ ስሟ ጥሩነሽ ነው። ለምን እንደመጣን ስትሰማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቤቷ ወሰደችኝና የባሏን ሱሪ አመጣችልኝ። «ሱሪዎን አጥቤ አሰጣዋለሁ። የኛው ሰውዬ አጠር ይላል እንጂ ንጹሕ ነው» አለችኝ። «እርስዎ» ያለችኝ ለአናቴ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ መሪጌታ ደጅ የደረስኩት ጉልበቴን ትንሽ ያለፈ ሱሪ ለብሼ ነው።

የዚያ አገር ወግ እንዲህ ነው፦ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ግቡ ተባልን፤ ገብተን ቆምን። ከጓዳ የሚመጣው የቅቤ ሽታ ወጥ ቤትነቴን እየቀሰቀሰ ቆምን። መሪጌታ ጥበቡ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ በጓዳው በር ቆመው ሱሪዬን ያያሉ።

«እንግዲህ» አሉ መሪጌታ፣ «ልጁ የሚሠራው ምድነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የመጣሁትም ለዚህ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ላይ የተቀመጠው ግን «አንተ» ብቻ ሆነ። ዋጥኩት። ሌላ ስፈልግ ጊዜው ረዘመና አያ ደሳለኝ ገቡበት።

«መሪጌታ፣ ልጃችን ባሕሩን ይመታዋል። ምድር ኸሥር ስትመልስለት ያዳምጣታል። ምን እንደተቀበረባት ያውቃል። ባለጸጎች ኸሩቅ አገር እየመጡ ይጠይቁታል።»

«ትመልስለታለች?»

«እንዴታ። ሌት ተቀን። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሰማት።»

አያ ደሳለኝ ከተናገሩት ውስጥ ውሸት የሆነ አንድ ቃል የለም። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን የወጣው ሰው ጠንቋይ ነበር። ቄስ ሞላ ቀስ ብለው ሲያማትቡ አየሁ።

መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «በቀደም ኸቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ሥር ወርቅ አለ ብለው ሊቆፍሩ የመጡ ነበሩ። እነሱም ድግምታቸውን ደግመው፣ ጆሯቸውን መሬት ላይ አድርገው ‘እናዳምጣለን’ ነው ያሉን። አባረርናቸው። አሁን ልጄን ለአለቃቸው ልስጥ?»

ቄስ ሞላ ጎንበስ ብለው፣ «መሪጌታ፣ ነገሩን በቅጡ አላቀረብነውም። ለእግዚአብሔር ብለው ኸነገ ወዲያ ያድምጡን» አሉ። መሪጌታም፣ «ኸነገ ወዲያ ኑ። ለነጋዴውም ልጅ ያን ቀን ነው የምመልሰው» አሉ። ስንወጣ በደጅ በኩል ማስተዋልን አየኋት። ቦቲ ጫማ አድርጋለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የተሰማኝ።

ወረታ አልጋ ይዘን አደርን። ጥሩነሽ ሱሪዬን ገና አልደረቀም ብላ አስቀርታዋለች።

ሦስተኛው ቀን

አያ ደሳለኝ ቁርስ ላይ እኔን አኮረፉኝ፤ እኔም እሳቸውን። ቄስ ሞላ ሁለታችንንም አዩና፣ «ጉልበቴን አሞኛል፣ ወንዛዬ ውሰዱኝ» አሉ። ወደ ሐሙሲት ተመልሰን በኮረኮንች መንገድ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድን። ኋላ ሳስበው ጉልበታቸውን ያመማቸው አይመስለኝም።

እግሬን ነክሬ ውኃው አቃጥሎኝ ሳወጣ፣ አጠገቤ ሲታጠብ የነበረ ገበሬ «ይኼ ደግሞ ኸበረዶ አገር ነው?» አለኝ። ኧረ ድሬም ይህን ያህል ይሞቃል፣ የሚሞቀው ግን አየሩ ነው አልኩት። ሳቀና ከስልቻው የተቀቀለ ባቄላ አካፈለን። ሳያውቀን ሦስት እፍኝ ሰጠን፤ ራሱ ሊበላው የያዘውን።

ላባችንን እየጠረግን ስንቀመጥ ቄስ ሞላ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «አንተስ እንዴት ገባህ? ያልተማርኸው ትምህርት ነው።»

አሰብኩ። «በበርሜል» አልኩ። ድሬ ላይ ውኃ በየዕለቱ አይመጣም፤ ቤቱ ሁሉ በርሜል አለው። እናቴ ክዳኑን ሳታነሣ ከላይ ወደ ታች በጣቷ ታንኳኳለች፤ ባዶው ይጮኻል፣ ውኃ ያለበት ድምፁን ያፍናል። የባየህ መርከብም የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ በርሜሏ ባሕር ሆኖ ነው እንጂ።

«እዚህ በርሜል የለም» አሉ ቄስ ሞላ። «የእህል ጎታ ግን የሌለበት ቤት የለም።»

አያ ደሳለኝ ኩርፊያቸውን ረስተው «እሱን ትናንት ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉ።

አራተኛው ቀን

የጥሩነሽን ባል ሱሪ መልሼ የራሴን ለበስኩ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ጭቃ ውስጥ ስወድቅ የተቀደደው ጉልበቱ ተሰፍቷል። ለክሩ ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ።

መሪጌታ ቤት እንደገና ቆምን። በዚህ ጊዜ ማንም ሳይቀድመኝ ጀመርኩ፤ እርስዎ ለማለት በጣም ስጠነቀቅ ጥግ ላይ የተኛውን ውሻም እርስዎ ሳልለው አልቀረሁም። የእናቴን በርሜል ነገርኳቸው። ድምፁ አየር እንጂ ድግምት እንዳልሆነ፣ ባየህ ምድርን የማይጠራት የተመለሰውን ብቻ የሚመዘግብ መሆኑን፣ ዓሣ አንበሪ በአቅራቢያ ከታየ እንኳ እንዳይረበሽ ሥራው እንደሚቆም ነገርኳቸው። መሪጌታ አንበሪው ላይ ቅንድባቸውን አነሡ፣ ግን አልለዘቡም።

«ላሳይዎት» አልኩና ጥግ ወዳለው ትልቅ ጎታ ሄድኩ። ከላይ አንኳኳሁ፤ ጮኸ። ወረድ አልኩ፤ ጮኸ። ወገቡ ላይ ስደርስ አፈነ። ኩራት ተሰማኝ።

«እስከዚህ ባዶ ነው። ከዚህ በታች ግን እህል ሞልቷል» አልኩ።

ወይዘሮ የሺ በጓዳው በር ቆመው አስጨርሰውኝ ነው የመጡት። ጎንበስ ብለው የጎታውን የታች አፍ የወተፈውን ጨርቅ ሲነቅሉት ገለባ ፈሰሰ። የሩዝ ገለባ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ጎታው አርጅቷል» አሉ። «አይጥ ሥሩን ስለቀደደው ገለባ ጠቅጥቄበት ነው። እህሉ ኸጓዳ ነው ያለ።»

አያ ደሳለኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ ገለባውን አዩት።

«ልጁም እንዲህ ይሳሳታል?» አሉኝ።

አያ ደሳለኝ እግሬን በከዘራቸው ጫፍ ወጋ አደረጉኝ። አይሳሳትም በል ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን ገለባ አይቼ ምን ብዬ ልዋሽ?

«ይሳሳታሉ» አልኩ። «ብዙ ጊዜ። መርከባችን አዳምጣ ሥዕሉን ከሰጠች በኋላ፣ ባለ ነዳጆቹ እዚህ አለ ብለው ቆፍረው ውኃ ብቻ ያገኙበት ስንት አለ።»

«ያኔ እነ ባየህ ምን ይላሉ?»

«ተሳስተናል ይላሉ። እንደገና እናዳምጥ ይላሉ።»

መሪጌታ ወደ ቄስ ሞላ ዞሩ። «ቄስ ሞላ፣ በዘመንዎ ተሳስቻለሁ ያለ ጠንቋይ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ኧረ አያውቅም።»

«እኔንም አልገጠመኝ» አሉ መሪጌታ። «የጠንቋይ ነገር ሳይሆን ሲቀር ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ ዶሮው ገብስማ አልነበረም ይላል። ተሳስቻለሁ የሚል ሙያ የሰው ሙያ ነው። ገባኝ።»

ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል። ባሕር ላይ የተቀመጠው ጓደኛዬ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ገና ግን አልተቀመጥንም። ወይዘሮ የሺ ጨርቁን እንደያዙ ቆመው፣ «ግማሹን ዓመት ባሕር ላይ ነው የሚኖረው አሉ። ልጄ እስኪመለስ ግድግዳ ታያለች?» አሉ።

አያ ደሳለኝ «አልፎ አልፎ ነው እንጂ» ሊሉ ሲጀምሩ፣ «እኩሌታውን ነው» አልኩ። አንዴ ገለባ ላይ ወድቄያለሁና።

«ይኼን እሷው ትመልስ» አሉ መሪጌታ። ወይዘሮ የሺ ጓዳ ገቡ። ቀስ ያለ ንግግር ተሰማ፣ ከዚያም ያልታፈነ ሳቅ። ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላ ጥለት ሸፍነዋል።

«ምን አለች?»

«‘ግማሹን ዓመት መሄዱን ነው የወደድሁለት’ አለች። ሩዝ በሚዘራበት ሰሞን ግን የግድ ባሕር ላይ ይሁን ብላለች። ያን ጊዜ ኸማሳው እንጂ ኸባል ጋር ጊዜ የለኝም አለች።»

አያ ደሳለኝ ጣሪያ አዩ። ቄስ ሞላ ሳል ያዛቸው። መሪጌታ ሚስታቸውን፣ «ኸማን ተማረችው ይኼን?» አሉ።

«ኸኔ ነዋ» አሉ ወይዘሮ የሺ። «እርስዎ የድጓ ዜማ ሊያስመሰክሩ ቤተልሔም ጉባኤ ቤት በሄዱ ጊዜ ቤቱ እንዴት ሰላም እንደነበር ነግሬያት ነው።» ጨርቁን መልሰው ጎታው አፍ ላይ ወተፉት። «ደግሞ ሲመለሱ እንዴት ደስ እንዳለኝም ነግሬያታለሁ።»

መሪጌታ ጥበቡ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ሲስቁ ኖሯል። «ሰጥተናል» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ተቀመጡ።»

የቀረበልንን ምግብ በወጥ ቤትነቴ አልዘረዝርም፣ ትቀናላችሁ።

ማታ ባየህ ከመርከቡ ደወለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። አባቷ መስጠታቸውን ስነግረው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ፣ «እሷስ? መራቄን ስትሰማ ምን አለች?» አለኝ።

«በደስታ ነው የተቀበለችው» አልኩት። ሌላውን ይህን ሲያነብ ይደርስበታል፤ ያኔ ደግሞ ሠርጉ አልፏል።